ስለ ውሻ ዘር የሚነገረውና እውነቱ

በዚህ ዓምድ በየወሩ ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጤና ጥበቃ እንነጋገራለን። በዚህ ወር ደግሞ ከብዙዎቻችን ግቢ የማይጠፋውን፣ ነገር ግን በሚገባ ሳንነጋገርበት የቆየነውን እንስሳ፣ ውሻን እናነሣለን። ይኸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ባሁኑ ጊዜ በከተሞቻችን ውሻ የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዘሩ ነው። «የፈረንጅ ነው ወይስ የሐበሻ? ንጹሕ ዘር ነው ወይስ ክልስ?» ይላል። የዘሩ ስም ከተነገረው በኋላ ግን ስለ ጠባዩ፣ ስለ አስተዳደጉና ስለ ክትባቱ ምንም ሳይጠይቅ ገንዘቡን ከፍሎ ይሄዳል። ስሙን በመስማቱ ብቻ ውሻውን ያወቀው ይመስለዋል። ከዚህ የተነሣ የሚመጣው ጉዳት የገንዘብ ኪሣራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍንበት ነበር፤ ነገር ግን ስሕተቱ እስከ ልጆቻችን ሕይወት የሚደርስ ስለ ሆነ ዝም ልንለው አልወደድንም።

በመጀመሪያ ዘር የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል። ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ከ14,000 ዓመት ያላነሰ ጊዜ እንዳለፈ፣ በጀርመን አገር በቦን ከተማ አጠገብ ከሰዎች ጋር ተቀብሮ የተገኘው የውሻ አጽም ያስረዳል። ዛሬ በስም የምናውቃቸው ዘሮች ግን አብዛኛዎቹ በመዝገብ የተለዩት ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ ነው። ውሾች በመልካቸው የሚወዳደሩበት ትርኢት በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ የተደረገው በ1859 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዘር መዝገብ የሚይዘው የእንግሊዞች ማኅበር የተቋቋመው በ1873 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። እንግዲህ ዘር ማለት ሰው ለሥራ ወይም ለመልክ ብሎ መርጦ ያራባው ነው እንጂ፣ ጠባዩ ተወስኖ የተሰጠው ልዩ ፍጥረት አይደለም። ስሞቹም ራሳቸው ብዙ ጊዜ ያሳስታሉ። ግሬት ዴን የሚባለው ግዙፍ ውሻ በስሙ ዴንማርካዊ ቢመስልም ዘሩ የተለየው በጀርመን ነው፤ ላብራዶርም የመጣው ከላብራዶር ሳይሆን ከጎረቤቱ ከኒውፋውንድላንድ ደሴት ነው።

በአገራችን በብዛት የሚሰማው አሳብ «ጀርመን ሼፐርድ ሲወለድ ጀምሮ ዘበኛ ነው» የሚለው ነው። ነገር ግን የዘሩ ስም ትርጓሜ የጀርመን እረኛ ማለት ነው። ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለው ጀርመናዊ መኮንን በ1899 ዓ.ም. ማኅበር አቋቁሞ ዘሩን ማስመዝገብ በጀመረ ጊዜ የፈለገው በጎችን ሲጠብቅ የሚውልና የእረኛውን ቃል የሚሰማ ውሻ ነበር። ይህ ውሻ በኋላ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ዘንድ ዝነኛ የሆነው በብዙ ወራት ትምህርትና በአሠልጣኙ ትዕግሥት ነው። እኛ ዘንድ ግን ቡችላው ጡት ሳይጠግብ ከእናቱ ተለይቶ ይሸጣል፤ ቀን በሰንሰለት ይታሠራል ወይም በጠባብ ቤት ይዘጋበታል፤ ሌሊት ብቻ ይለቀቃል። የእንስሳት ጠባይ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ቡችላ ሰውን፣ ልጆችንና ልዩ ልዩ ድምፅን በቀላሉ የሚለምደው ከተወለደ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ በጨለማ ያሳለፈ ውሻ ሲያድግ ሌባውንና የጎረቤቱን ልጅ አይለይም፤ ሁለቱንም ስለሚፈራ ሁለቱንም ይነክሳል። ባለቤቱም «ኃይለኛ ዘር ነው» እያለ ያመሰግነዋል፤ እውነቱ ሲታይ ግን ውሻው ኃይለኛ ሳይሆን ፈሪ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ክፋትን በዘር መመደብ ነው። ፒት ቡል ስለሚባለው ውሻ «አንድ ጊዜ ከነከሰ መንጋጋው ይቆለፋል» ሲባል ይሰማል። ይህ እውነት አይደለም፤ የመንጋጋው አሠራር እንደ ሌሎች ውሾች ነው፤ የሚቆለፍበት አንዳችም ነገር የለውም። ከዚህም በላይ ፒት ቡል የሚለው ስም ለአንድ ዘር ብቻ ሳይሆን ለሚመሳሰሉ ብዙ ውሾች በጅምላ የሚሰጥ ነው። ክልስ የሆነን ውሻ በመልኩ ብቻ አይቶ «ዘሩ ይህ ነው» ማለትም ብዙ ጊዜ እንደሚያሳስት፣ ግምቱ ከዘረ መል ምርመራ ጋር በተነጻጸረ ጊዜ ታይቷል። በአንጻሩም «ትንሹ ነጭ ውሻ አይናከስም» በማለት ሕፃን ልጅን ከእርሱ ጋር ብቻውን የሚተው ወላጅ አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ባለቤቶቻቸው ስለ ብዙ ሺህ ውሾች የሰጡትን መልስ መርምሮ፣ ቺዋዋና ዳክስሁንድ የሚባሉት ትናንሽ ዘሮች በሰው ላይ ጥቃት ከሚያበዙት መካከል መሆናቸውን አመልክቷል። የትልቁ ውሻ ንክሻ ከትንሹ ይልቅ የሚከፋ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን የሕፃን ፊት ለትንሹም ጥርስ ቢሆን ስስ ነው።

ታዲያ ዘር ከቶ ምንም አይደለም ማለታችን ነውን? አይደለም። በ2022 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ምርምር ከ18,000 በላይ ውሾች ባለቤቶች የሰጡትን መልስ ከብዙ ውሾች የዘረ መል ምርመራ ጋር አመዛዝኖ፣ በአንዱ ውሻና በሌላው መካከል ከሚታየው የጠባይ ልዩነት ውስጥ ዘር የሚያስረዳው ከመቶ 9 ያህል ብቻ መሆኑን ገልጧል። የቀረው በየውሻው የግል ተፈጥሮ፣ በአስተዳደጉ፣ በዕድሜውና በሚኖርበት ሁኔታ የሚመጣ ነው። እንግዲህ ዘር ስለ ውሻው መልክና ቁመት ብዙ ይነግረናል፤ ስለ ጠባዩ ግን ጥቂት ብቻ ነው።

ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነን የሴንት በርናርድ ውሻ ታሪክ ነው። በስዊስና በኢጣልያ መካከል ባለው በአልፕስ ተራራ መተላለፊያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ፣ ከ11ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ መንገደኛን የሚቀበል የካቶሊክ ገዳም አለ። በዚያ የሚኖሩት ገዳማውያን በበረዶ የጠፋውን መንገደኛ የሚፈልጉት በውሾች እየታገዙ ነበር። ከውሾቹም አንዱ ባሪ የተባለው፣ ከ1800 እስከ 1814 ዓ.ም. የኖረው፣ ከ40 በላይ ሰዎችን እንዳዳነ ይነገርለታል። ብዙ ሰው ግን የሚያውቀው በአንገቱ የመጠጥ በርሜል ያንጠለጠለውን ውሻ ነው። ያ በርሜል የመጣው ኤድዊን ላንድሲር የተባለው እንግሊዛዊ በ1820 ዓ.ም. ከሣለው ሥዕል ነው እንጂ፣ ውሾቹ በርሜል ተሸክመው ለመሄዳቸው የታሪክ ማስረጃ የለም። በብርድ ለደረቀ ሰው አልኮል ማጠጣትም የሰውነቱን ሙቀት ያባክንበታል እንጂ አይረዳውም። በበርን ከተማ ሙዚየም ተጠብቆ የሚገኘው የባሪ አካልም በቁመናው ዛሬ በዚያው ስም ከሚጠራው ግዙፍ ውሻ እጅግ ያንሳል። ስሙ ቀረ፤ ውሻው ግን ተለወጠ። ባሪን ባሪ ያሰኘው የገዳማውያኑ ትምህርትና የዕለት ተዕለት ሥራው ነው።

ልጆቻቸው በአስም የሚቸገሩባቸው ወላጆችም «ፑድል ጠጉሩ ስለማይረግፍ አለርጂ አያስነሣም» ተብለው ይገዛሉ። አለርጂን የሚያስነሣው ግን ጠጉሩ ራሱ ሳይሆን በውሻው ምራቅና ከቆዳው በሚረግፈው ቅርፊት ውስጥ ያለው ነገር ነው፤ ይህም የሌለው ዘር የለም። ስለዚህ ሻጩን ሳይሆን የልጁን ሐኪም ማማከር ይገባል።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበን ነገር እንመጣለን። «ይህ የፈረንጅ ዘር ነው፤ ከግቢም አይወጣም፤ አያብድም» የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ «ይህ ተራ የሐበሻ ውሻ ነው፤ ለእርሱ ክትባት ምን ያደርግለታል?» ይላሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል። የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው በዓይን በማይታይ ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱም ዘርን አይጠይቅም። የተከበረውንም የተናቀውንም ውሻ፣ ገና ቡችላ የሆነውንም ይይዛል። በአገራችን ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ እንኳ በባሌ ተራሮች ከአካባቢው ውሾች በተላለፈው በዚሁ በሽታ ደጋግሞ አልቋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ ከእነርሱም ከአሥሩ አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው ከመቶ 99 እጁ በውሻ ነው። ምልክቱ በሰውየው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ በጊዜው የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል።

ስለዚህ ውሻ የነከሰው ወይም የቧጠጠው ሰው በቤታችሁ ቢኖር፣ የውሻውን ዘር አትጠይቁ። ቁስሉን ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ቡና ወይም ቅጠል አትነስንሱበት፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ የታዘዘለትንም ክትባት እስከ መጨረሻው ያስፈጽም። ልጆችም ውሻ ሲነክሳቸው ቍጣን ፈርተው እንዳይደብቁ አስቀድማችሁ አስተምሯቸው። ከምእመናን መካከል ጠበል ገብተው ክትባቱን የሚያዘገዩ እንዳሉ እናውቃለን። ጸሎቱም ጠበሉም የእምነታችን ናቸው፤ ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር የሚያስተምረን፣ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ጠበሉ ክትባቱን አያስቀርም፤ ክትባቱም ጠበሉን አይከለክልም። ለውሻውም ክትባቱን በወቅቱ አስከትቡለት፤ የእንስሳት ሐኪም በሚወስነውም ጊዜ አሳድሱለት።

ስለ ሐበሻው ውሻም አንድ ቃል እንጨምር። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው የአባቶቻችን ተረት ዘርን ለይቶ አልተናገረም። ለአገሩ ብርድና ሙቀት የተስማማው፣ በጥቂት ምግብ ተደስቶ ደጃፋችንን ሲጠብቅ የሚያድረው ይህ ውሻ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ጥቂት ጥላ፣ ደግ ቃልና ክትባት ቢያገኝ በብዙ ገንዘብ ከሚገዛው አያንስም። ውሻን ወደ ቤተ መቅደስ አለማስገባታችን ለቅድስናው ክብር ነው፤ ውሻን ማስራብና ማሠቃየት ግን ከማንም አባት አልተማርነውም።

ጳጉሜን 3 ቀን የምናከብረው ቅዱስ ሩፋኤል ወጣቱን ጦብያን በመንገድ ሲመራው፣ ውሻም ከእነርሱ ጋር አብሮ እንደ ሄደ በመጽሐፈ ጦቢት ተጽፎ ይገኛል። የዚያ ውሻ ዘሩ ምን እንደ ነበር መጽሐፉ አይነግረንም፤ የሚነግረን ከጌታው ጋር አብሮ መሄዱን ብቻ ነው። እኛም በግቢያችን ያለውን ውሻ በስሙ ሳይሆን በጠባዩ እንወቀው፤ የሚገባውንም አናስቀርበት። እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቅላችሁ።