ልጁ ካለበት መጀመር

«ልጄን የት ላሳክመው?» ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚያሳድጉ እናቶችና አባቶች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህንን ነው። አገራችን ያላት መልስ አጭር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት ማዕከላት አሉ፤ የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች በጣት ይቆጠራሉ፤ ከመዲናዋ ወጣ ሲባል ደግሞ ችግሩን በስሙ የሚጠራ ባለሙያ ማግኘትም ብርቅ ነው። ወላጅ ተራ ይጠብቃል። እሱ ሲጠብቅ የሚያልፉት ዓመታት ግን ልጁ መግባባትን፣ ቋንቋንና ከሰው ጋር መኖርን የሚማርባቸው፣ አእምሮው ለመማር ከሁሉ በላይ የተመቸባቸው ዓመታት ናቸው።

በዚህ ሳምንት የምጽፈው ለእነዚህ ወላጆች ነው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ከሚሰጡ ድጋፎች መካከል ጥሩ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ከልጁ ጋር ዘዴውን አውቆ መጫወት ነው። ዘዴውን ደግሞ ማንኛውም ወላጅ ሊማረው ይችላል። የግድ ልዩ ክፍል አይፈልግም፤ ከውጭ የሚመጣ መጫወቻም አይፈልግም።

አስቀድሞ ግን የእናቶችን ሸክም እናንሳ። ኦቲዝም የእናት ጥፋት አይደለም። እርግማን አይደለም፤ የቤተሰብ ኃጢአት ውጤትም አይደለም። ከአእምሮ ዕድገት ልዩነት የሚመጣ ነው፤ የዘር ውርስ በውስጡ ትልቅ ድርሻ አለው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። ሀብታም አገር ደሃ አገር አይልም። እናትን መክሰስም የእኛ አገር ብቻ በሽታ አይደለም፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ስመ ጥር ሐኪሞች ሳይቀሩ «ለልጃቸው ፍቅር የነፈጉ ቀዝቃዛ እናቶች ናቸው ያመጡት» እያሉ ለዓመታት አስተምረዋል። ያንን አስተሳሰብ ካናጉት ሰዎች አንዱ በርናርድ ሪምላንድ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያና ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ችግሩ ከአስተዳደግ ሳይሆን ከአካል የሚመነጭ መሆኑን ተከራከረ። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው እ.ኤ.አ. የ1998ቱ ጽሑፍም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው በዚያው የሕክምና መጽሔት ተሽሯል። «ምን ሠርታ ነው?» እያሉ የሚያንሾካሽኩ ዘመዶችና ጎረቤቶች ይህን ቢያውቁ እወዳለሁ። በጸበል የሚያምን ቤተሰብ ልጁን ጸበል ቢወስድ አልቃወምም፤ እምነት ለወላጅ ብርታት ነው። ልጅን ማሰር፣ መደበቅ፣ ቤት ውስጥ ቆልፎ መሄድ ግን በምንም ስም ትክክል ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ጨዋታው።

ብዙ ወላጅ ልጁን ሲያጫውት ልጁን ከያዘው ነገር ነጥቆ እሱ ወደፈለገው ይጎትታል። «ያንን ተወው፣ ና ኳስ እንጫወት፣ እየኝ እንጂ!» ልጁ ይሸሻል ወይም ይጮኻል። ሠፈራችን አንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የማውቀው ልጅ ቀኑን ሙሉ የለስላሳ ቆርኪ በሲሚንቶው ላይ ያሽከረክር ነበር። ስሙ ሲጠራ ዞሮ አያይም። አባቱ በተደጋጋሚ ቆርኪውን ይቀማው ነበር፤ ልቅሶውም እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማል። በኋላ አንዲት ባለሙያ የመከረችው ተቃራኒውን ነው፤ አንተም ቆርኪ ያዝና ፊት ለፊቱ ተቀመጥ፣ እሱ ሲያሽከረክር አሽከርክር፣ ሲያቆም አቁም አለችው። አባትየው እንደተባለው አደረገ። ልጁ መጀመሪያ የአባቱን ቆርኪ አየ፤ ውሎ ሲያድር የአባቱን ፊት አየ። ከዚያ አባትየው ቆርኪውን በመዳፉ ከድኖ ዝም ማለት ጀመረ። ልጁ መጥቶ መዳፉን ይዞ መጎተት ጀመረ። ያ መጎተት ልመና ነው፤ ልመና ደግሞ ንግግር ነው። አባት «ክፈት» ይላል፤ መዳፉን ይከፍታል። ከብዙ እንዲህ ያለ ጨዋታ በኋላ ልጁ ራሱ «ፈት» አለ።

በዚህ ውስጥ የዘዴው ዋና ዋና ነገሮች ሁሉ አሉ። ልጁ ካለበት ይጀመራል። አዋቂው ዝቅ ብሎ ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን በሚገናኙበት ከፍታ ይቀመጣል። የልጁን ድርጊት ይደግማል፤ በዚህም «የምትሠራውን አይቻለሁ» ይለዋል። ንግግሩን ያሳጥራል፤ ገና ቃል ለሌለው ልጅ አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ላለው ሁለት። ከሁሉም በላይ ይጠብቃል። መጠበቁ ነው የሚከብደው። ስንወድ እንቸኩላለን፤ ልጁ ውኃ መፈለጉን ከዓይኑ አይተን ሳይጠይቅ እንሰጠዋለን። ጥቂት መታገስ፣ ባዶውን ኩባያ ይዞ ልጁን ማየት፣ ለመጠየቅ ዕድል ይሰጠዋል።

ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ጨዋታ የሚሹበት ምክንያት አለ። ሌላው ልጅ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው እናቱ ወዳየችበት ያያል፤ ድመት ሲያይ በጣቱ እያመለከተ ወደ እሷ ይዞራል። ቃልን የሚማረው በዚህ ነው፤ እሱና እናቱ አንድ ነገር ላይ ሲገናኙ የተጠራው ስም ከነገሩ ጋር ይጣበቃል። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ይህ መገናኘት በቀላሉ አይመጣም። ጨዋታ ደግሞ ያለ ቁጣና ያለ ግዴታ፣ ልጁ በወደደው ነገር ላይ መገናኘትን ደጋግሞ ያመቻቻል።

አገራችን ለዚህ የታደለች ናት ስል ከልቤ ነው። አኩኩሉን አስቡት። ጠሪው ዓይኑን ጨፍኖ ይጣራል፤ ተደባቂው «አልነጋም» ይላል፤ ተራው ደርሶ «ነጋ» እስኪባል ድረስ ሁሉም ይጠብቃል። ተራ መጠበቅ፣ ድምፅን መመለስ፣ ሌላው ሰው የት እንዳለ ማሰብ፣ ሦስቱም አሉበት። ቅልልቦሽ ዓይንና እጅን ያቀናጃል። ሰኞ ማክሰኞ ሚዛን መጠበቅን ያስለምዳል። ለመናገር ለደረሰ ልጅ እንቆቅልሽ አለ፤ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው መልስ የሚሰጥበት፣ መልሱ ካልተገኘም አገር የሚሰጥበት ቋሚ ሥርዓት ያለው ጭውውት ነው። ቋሚ ሥርዓት ደግሞ ለእነዚህ ልጆች ዕረፍት ነው።

የቡና ሥነ ሥርዓታችንም እንዲሁ ነው። ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጢሱ ይሸተታል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፣ ሲኒዎቹ ይደረደራሉ። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ነው። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አለማወቅ ለሚያስጨንቀው ልጅ ከዚህ የተሻለ መማሪያ ከየት ይመጣል? ሲኒ መደርደሩን ለእሱ መስጠት ይቻላል። አንድ ቀን አንድ ሲኒ ሆን ብሎ ማጉደልና ልጁ እስኪያስተውል መጠበቅም ጨዋታ ነው። ዕጣኑ ወይም የሙቀጫው ድምፅ የሚረብሸው ከሆነ ግን አይገደድ። የብዙዎቹ ልጆች ጆሮ፣ አፍንጫና ቆዳ ለእኛ የማይሰማንን ይሰማል፤ በታክሲ ተራ ጩኸት ወይም በድምፅ ማጉያ ጆሮውን ይዞ የሚወድቅ ልጅ ባለጌ አይደለም፣ አሞታል።

ስለ ስልክም አንድ ነገር ልበል። ስልክ ኦቲዝም አያመጣም። ይሁን እንጂ ልጁ ዝም እንዲል ስልክ ሰጥቶ መተው፣ ልጁ ሊማርባቸው ከሚችሉት ሰዓታት ላይ መቀነስ ነው። ስልክ ልጁን አይጠብቅም፤ ፊቱን አይቶ አይመልስለትም። ቤት ለብቻዋ የምትታገል እናት ዕረፍት ስትፈልግ ግን አልፈርድባትም፤ እሷን የሚያግዝ ሰው መኖር ነበረበት።

ይህ ሁሉ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ 152 ትንንሽ ልጆች በተሳተፉበት ጥናት ወላጆች ከልጃቸው ጋር ሲጫወቱ በቪዲዮ ይቀረጹና ከባለሙያ ጋር ሆነው እያዩ የልጁን ጥቃቅን ምልክቶች ማንበብ ይማሩ ነበር። ሥልጠናው ካበቃ ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ውጤት፣ የኦቲዝሙ ምልክቶች ሠልጥነው በነበሩት ወላጆች ልጆች ዘንድ መቅለላቸውን አሳየ። ይህንኑ ዘዴ በሕንድ ጎዋና በፓኪስታን ራዋልፒንዲ ልዩ ባለሙያ ያልሆኑ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች እንዲያስተምሩት ተደርጎ ተሞከረ፤ ልጆቹ ራሳቸው ጀምረው ከወላጅ ጋር ለመግባባት የሚያደርጉት ጥረት ጨመረ። ባለሙያ ለሌለበት አገር ይህ ትልቅ ዜና ነው። ኦቲዝምን «አዳነ» አላልኩም፤ እንዲህ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው አትመኑ።

የዓለም የጤና ድርጅትም ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ ልጆች ወላጆችና አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ ዘጠኝ የቡድን ትምህርቶችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች ያሉት፣ ዋና መሣሪያውም ጨዋታና የዕለት ተዕለት የቤት ውስጥ ሥራ የሆነ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ አጋሮቻቸው ጋር ለአገራችን እንዲስማማ አድርገው አዘጋጅተውታል፤ በአዲስ አበባም በገጠርም ተሞክሯል። በአማርኛ ተዘጋጅቶ የተሞከረ ነገር በጥናት መልክ ብቻ ሊቀር አይገባም።

ወላጅ ባለሙያን ይተካል ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የሚጥል በሽታ አብሮት ያለ፣ ራሱን የሚጎዳ፣ መዋጥ የሚቸግረው ልጅ ሐኪም ያስፈልገዋል። የስፒች ቴራፒ (የንግግር ሕክምና) እና የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ተግባራትን የሚያስለምድ ሕክምና) ባለሙያዎችን በብዛት ማፍራት አለብን፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በኦኩፔሽናል ቴራፒ የጀመረው ትምህርት ሊስፋፋ ይገባዋል። ዛሬ ያሉን ማዕከላት ራሳቸው ከወላጅ ጭንቀት የተወለዱ ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈቱ ሴት ነበሩ፤ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ስፍራ ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የተደበቁ ልጆች ከየጓዳው እንዲወጡ ተሟገቱ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልንም ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው። ወላጆች ይህን ያህል ከሠሩ መንግሥት የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴርን የምጠይቀው የወላጆቹ ሥልጠና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ቀበሌ ድረስ እንዲወርድ ነው። የመዋዕለ ሕፃናት ኃላፊዎችን የምጠይቀው «የእኛ ትምህርት ቤት አይችለውም» ከማለታቸው በፊት ልጁን ለጥቂት ሳምንታት ተቀብለው እንዲያዩት ነው። አንባቢዬ፣ ጎረቤትዎ ልጇን ይዛ ግቢ ስትወጣ ልጆችዎን ወደ ቤት አይጥሩ። አብረው ይጫወቱ፤ ልጁ ምን እንደሚወድ እናቱን ጠይቀው በዚያ እንዲጀምሩ ይንገሯቸው።