ሁለተኛው ክፍል ይጨልማል

የወጣቶች ኅብረታችን ባለፈው ክረምት ሁለት ቅዳሜዎችን ለፊልም ሰጥቶ ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን የመጀመሪያውን የናርኒያ ፊልም አየን። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አንበሳው አስላን በከዳተኛው በኤድመንድ ፈንታ በድንጋዩ ገበታ ላይ ሲታረድ ያለቀሱ ነበሩ፤ ሲነሣ ደግሞ ጭብጨባው አዳራሹን ናጠው። በሁለተኛው ቅዳሜ በ2008 የወጣውን ተከታዩን ፊልም፣ «ልዑል ካስፒያን»ን አየን። ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። ወንበር እየሰበሰብን ሳለ አንዲት እናት ቀርበው፣ «የፊተኛው ይሻል ነበር፤ ይሄኛው ጨለማ በዝቶበታል፤ ለልጆቻችን አይሆንም» አሉኝ። አንድ ወጣት ደግሞ፣ «ቲቸር፣ ፊልም ማለት ይሄ ነው! ያኛውማ የሕፃን ነበር» አለኝ።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ከሁለቱ በአንዱ ወገን እንደምትቆሙ እገምታለሁ። እኔ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ። ስሕተቱ የፊልም ጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስለ እሱ ብዕር ባላነሣሁ ነበር።

አስቀድሜ ወደ እናታችን ልምጣ። በዚህ ፊልም ውስጥ የጨለመው ምንድን ነው? አራቱ ልጆች ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ናርኒያ ሲመለሱ በዚያ 1300 ዓመት አልፏል። የነገሡበት ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ሆኗል። የሚያውቋቸው ሁሉ ሞተዋል። የሚናገሩት እንስሳት በጫካ ተደብቀው ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹም መናገር ረስተው አውሬ ሆነዋል። በዙፋኑ ላይ ወንድሙን የገደለው ሚራዝ ተቀምጧል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ፣ አስላንን ለዘመናት ያየው የለም።

ይህን ጨለማ የፊልም ሠሪዎች አላመጡትም። ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው። ሉዊስ በአንድ ደብዳቤው፣ ይህ መጽሐፍ የተበላሸው እውነተኛ እምነት ተመልሶ ስለ መታደሱ እንደሆነ ገልጿል። እንግዲህ የፈረሰውን ሳያሳዩ ስለ መታደስ እንዴት መናገር ይቻላል? ነህምያ ቅጥሩን ለመሥራት ከመነሣቱ በፊት በሌሊት ወጥቶ ፍርስራሹን ዞሮ ተመልክቷል። ቅዱስ መጽሐፋችንም ከጨለማ አይሸሽም። መዝሙር 88 በጩኸት ይጀምርና በጨለማ ያበቃል። መጨረሻው ስላላማረ ግን ያንን ገጽ የቀደደው የለም። «ጨለማ ስላለበት ለልጆቻችን አይሆንም» ካልን ብዙ ገጾች መቅደድ ሊኖርብን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አንተ፣ ፊልሙን «የትልቅ ሰው» ወዳልከው ወንድሜ። ምኑ ነው ትልቅ ሰው ያደረገው? ሰይፉ ነው? የደም ሽታው? በመጨረሻ ሱዛን ካስፒያንን የሳመችው? መሳሙ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ከፊልሙም ብታወጣው ከታሪኩ አንድም ነገር አይጎድልም። የሚራዝን ግንብ በሌሊት የማጥቃቱ ታሪክም በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ይህኛው ግን ፍሬ ያለው ጭማሪ ነው፤ ምክንያቱም ፊልሙ አላሞገሰውም። ፒተር አስላንን መጠበቅ ሰለቸውና ቸኩሎ ዘመተ፤ በሩ ሲዘጋ የተከተሉት ብዙዎች ከውስጥ ቀርተው አለቁ። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። አንተ ጀግንነት ብለህ ያየኸውን ፊልሙ ራሱ ሽንፈት ብሎታል።

የበሰለችው ከሁሉ ታናሽዋ ሉሲ ናት። በገደሉ ማዶ አስላንን አየችው፤ ሌሎቹ አላዩትም። ከኤድመንድ በቀር የቆመላት አልነበረም። በመጽሐፉ እንደምናነበው፣ እያለቀሰች የብዙኃኑን መንገድ ተከተለች። በኋላ በሌሊት አስላንን ስታገኘው፣ ብቻዋንም ቢሆን ልትከተለው ይገባት እንደነበር አሳወቃት። ደግሞ ከዱሮው ይልቅ ገዝፎ ታያት፤ ምክንያቱን ስትጠይቅም እሱ ስላደገ ሳይሆን እሷ ስላደገች መሆኑን ተረዳች። እነሆ ብስለት! ዓለሙ በጨለመበት በዚያው ሌሊት አንበሳው ገዝፎ ታየ። ሰይፍ መምዘዝ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

በፊልሙ ላይ ቅሬታ የለኝም ማለቴ አይደለም። በመጽሐፉ ሉሲና ሱዛን ከአስላን ጋር ሲሄዱ ዛፎች ይነቃሉ፣ አገሩ በደስታ ይናወጣል። ፊልሙ ይህን እጅግ አሳጥሮ ጊዜውን ለጦርነት ሰጠው። ሌሊቱን ሲያስረዝም ንጋቱን አሳጠረ። ጥፋቱ ይህ ነው እንጂ መጨለሙ አይደለም።

ገበያውም ፈርዷል። የመጀመሪያው ፊልም ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ፣ ሁለተኛው ከ400 ሚሊዮን ብዙም አላለፈም፤ ዲዝኒም ከሦስተኛው በፊት ትቶ ወጣ። ገበያ የመጀመሪያውን ክፍል ደጋግሞ ቢጠይቅ አይደንቀኝም። የሚያሳዝነኝ ቤተ ክርስቲያንም እንደ ገበያው መሆኗ ነው።

የምስክርነት ፕሮግራማችንን እስቲ አስቡት። «እንዲህ ነበርኩ፣ ጌታን አገኘሁ፣ እንዲህ ሆንኩ።» ሃሌሉያ! እኔም በዚህ ደስ ይለኛል። ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት የሚመሰክረው ማን ነው? ጸሎቱ ያልተመለሰለት፣ መዝሙሩ አፉ ላይ የደረቀበት ሰው መቼ ነው ማይክ የሚሰጠው? በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 በኤልያስ ጸሎት እሳት ከሰማይ ወረደ፤ ይህን እንሰብካለን። በምዕራፍ 19 ያው ኤልያስ ከአንድ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን ለመነ፤ ይህን ግን እንዘለዋለን። እግዚአብሔር በዚያች ሰዓት ለደከመው ሰው ያደረገውን ታስታውሳላችሁ? እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ እንዲተኛም ተወው። «ቀዝቅዘሃል» አላለውም።

እኔ ግን ብያለሁ። ከማስተምራቸው ወጣቶች አንዱ ጌታን ሲቀበል ከሁሉ በላይ የሚዘምር ነበር። በሁለተኛው ዓመት አባቱ አረፉ። ከዚያ ወዲያ እጁን ማንሣት ተወ፤ በኋላ ወንበር ተቀምጦ ወለሉን ያያል። «የመጀመሪያ ፍቅርህን ትተሃል፤ የተሰወረ ነገር ካለ ንስሐ ግባ» አልኩት። የመጽሐፍ ቃል ነበር፤ ነገር ግን ያለ ቦታው ተናገርኩት። እሱም መምጣቱን አቆመ። ቆይቼ መንገድ ላይ ሳገኘው፣ «እንዲህ የሚባል ጊዜ እንዳለ ማን ነገረኝ? ብቻዬን የተበላሸሁ መስሎኝ ነበር» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ስለዚህ የኅብረት መሪዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው የምስክርነት ቀን ታሪኩ ገና ላልተቋጨለት ሰው አምስት ደቂቃ ስጡት። ሲጨርስ አትገሥጹት፤ አብራችሁት ጸልዩ። አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ አሁን በጨለማው ክፍል ውስጥ ካላችሁ፣ ጨለማው ጌታ ትቷችሁ ለመሄዱ ማስረጃ አይደለም። ታላላቆቻችሁ ባያዩት እንኳ ያያችሁትን አትካዱ። እንደ ፒተርም ቸኩላችሁ ግንብ ለማፍረስ አትውጡ፤ ጠብቁት።

ለዚያ ወጣት ሁለቱንም ፊልሞች በፍላሽ ወሰድኩለትና ይቅርታ ጠየቅሁት። ከሁለተኛው እንዲጀምር ነገርኩት። እስካሁን ወደ ኅብረቱ አልተመለሰም። እኔም በየሳምንቱ መደወሌን አልተውኩም።