ሞተሩ ሲግል

ልጆቻችንን ጭኖ የየካንና የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ ሚኒባስ ሞተሩ ከጋለ፣ ቴርሞስታቱን ማስመርመር ይገባል። ቴርሞስታት በውስጡ ሰም ያለበት ትንሽ በር ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን ያግዳል፤ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ያብጥና በሩን ከፍቶ ውኃውን ወደ ራዲያተር ያሳልፈዋል። «አውጥቶ መጣል ነው» የሚለውን ምክር እህቶች አትቀበሉ፤ ያለ እርሱ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅም ይበላል።

የተፈታውን ቴርሞስታት ለምግብ በማይውል ድስት ውኃ ውስጥ በሽቦ አንጠልጥላችሁ አሙቁት። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት ከዚያ በፊት መከፈት መጀመር አለበት። ካልተከፈተ ከጎማ ማሸጊያው ጋር ይለወጥ፤ አዲሱ ሲገባ ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ ይዙር።

ከሁሉ በላይ፣ ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን ማንም አይክፈት፤ ታምቆ የቆየው የጋለ ውኃ ፈንቅሎ ወጥቶ ፊት ያቃጥላል።