ካፕስ ሎክ ለአማርኛ ምን ይሠራል?

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ትብብር ሲጀመር ስለ ሰርተፍኬቱና ስለ ሥራ ዕድሉ ብዙ ተወርቷል። ሠልጣኙ ጣቱን ስለሚያሳርፍበት ኪቦርድ ሲነሳ ግን አልሰማሁም። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አማርኛ በኮምፒውተር ውስጥ የሚኖረውን ቦታ የሚወስነው እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው።

አማርኛ የምንጽፍባቸው አብዛኞቹ ኪቦርዶች የላቲኑን ቁልፍ በድምፅ ይከተላሉ። ኤስን ነክተን ኢን ስናስከትል ሰ ይመጣል። ቲ ብቻውን ት ይሰጣል፤ ከሺፍት ጋር ሲጫኑት ጥ ይሆናል። ለደብዳቤና ለዜና ግሩም ነው። ችግሩ ያለው ሥርዓተ ነጥቡ ላይ ነው። አማርኛው ሲከፈት በብዙዎቹ ኪቦርዶች ኮማው ፣ ሴሚኮለኑ ፤ ኮለኑ ደግሞ ፡ ይሆናል።

ፓይተንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ፓይተን 3 ጀምሮ ለተለዋዋጮች በፊደላችን ስም ማውጣት ይቻላል። «ደመወዝ = 5000» ብትሉት ያለ ቅሬታ ይቀበላል። ቅድመ ሁኔታ ወይም ድግግሞሽ የሚከፍት መስመር ግን በኮለን ማለቅ አለበት። እዚያ ቦታ የእኛ ሁለት ነጥብ ከገባ ፕሮግራሙ አይሠራም። ለዓይን ሁለቱ መንታ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን አይገናኙም፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ነጥቦቹም የራሳቸውን ቁጥር ይዘው ነው የገቡት። ጀማሪ ተማሪ ይህን ስህተት ፍለጋ ግማሽ ቀን ሊያባክን ይችላል።

«ታዲያ በእንግሊዝኛ ብቻ ይጻፍ» የሚል አይጠፋም። በተግባርም እየሆነ ያለው ይኸው ነው። ማስታወሻውም፣ ለተጠቃሚው የሚወጣው መልእክትም እንግሊዝኛ ይሆናል። ከዚያ ገንዘቧን በስልክ የምትልክ እናት «ኢንቫሊድ ኢንፑት» የሚል ነገር ይመጣባትና የሚያነብላት ልጅ ትጠራለች። ፕሮግራም አድራጊው አማርኛ ስለጠላ አይደለም፤ በየመስመሩ ሁለት ሦስት ቁልፍ እየተጫነ ቋንቋ መቀያየር ስለሰለቸው ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም፤ ስለዚህ ካፕስ ሎክ ለአማርኛ ሥራ ፈት ቁልፍ ነው። ቋንቋ መቀየሪያ ይሁን። ማክ ላይ ይህ በቅንብሩ ውስጥ ተቀምጧል፣ ሊኑክስም ይፈቅዳል፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ በነጻ በሚገኝ መሣሪያ ይስተካከላል። ሁለተኛ፣ ኪቦርድ የሚሠሩ ወገኖች ከመደበኛው ጎን ለኮድ የሚሆን አንድ ተጨማሪ ዓይነት ያውጡ፦ ፊደሉ አማርኛ፣ ኮማና ኮለኑ ግን ባሉበት የሚቆዩበት። የእኛ ነጥቦች በቀኝ በኩል ባለው ኦልት ይውጡ። ደብዳቤ ጸሐፊው የለመደውን አያጣም፤ ኮድ ጸሐፊውም ነጥብ አይሳሳትም።

ሥልጠናውን የሚመሩት አካላት የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ለዚህ ቢሰጡ ምን ይጎድልባቸዋል? 5 ሚሊዮን ሰው ኮድ ተምሮ ለገዛ እናቱ በአማርኛ አንድ መልእክት መጻፍ ከከበደው ቁጥሩ ብቻውን የሚያኮራ አይመስለኝም።