ሁለት መፍቻ ያልያዘ ቧንቧ ሠራተኛ

በዚህ ሳምንት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ ደህና ግድግዳ በከንቱ ፈረሰ። የጎረቤቴ ነው። መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ አንዲት ቧንቧ ትንጠባጠብ ነበር፣ ሌላ ምንም ችግር አልነበረም። ሊሠራ የመጣው ልጅ በቀጠሮው ሰዓት ደረሰ፤ ትሑት ነው፤ የብቃት ማረጋገጫ ፈተናውንም አልፏል። ከቦርሳው ግን ግራይንደር፣ ድሪል፣ የፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ማሽን፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳና አንድ እንግሊዝ ቁልፍ ወጣ። ሌላ የለም። አሮጌውን የብረት ቧንቧ በእንግሊዝ ቁልፉ ያዘና ታገለው፤ አሟለጨው። በፒንሳ ሞከረ፤ አሁንም አሟለጨው። በመጨረሻ ሙሉ ክብደቱን ሲጥልበት የሚፈለገው መጋጠሚያ ሳይንቀሳቀስ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ኤልቦ ተሰበረ። ከዚያማ ሴራሚክ ተነሣ፣ ግድግዳ ተፈለፈለ፣ መሀል ላይ መብራት ሄደ፣ ግራይንደሩ ቆመ፣ ግቢው በሙሉ ውኃ አጥቶ አደረ።

በማግስቱ ከከዚራ ሰፈር አንድ አዛውንት መጡ። በምድር ባቡር ወርክሾፕ ያደጉ ሰው ናቸው። በእጃቸው የያዙት ሁለት የቧንቧ መፍቻ፣ አንድ ትንሽ መዶሻና ዘይት የነካው ጨርቅ ነው። ልጁም ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ ይህን ወድጄለታለሁ። «ወርያ፣ ና ያዝልኝ እስቲ» አሉት። አንዱን መፍቻ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን መጋጠሚያው ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ አስነከሱ። ከዚያ መጋጠሚያውን ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያሉ መቱት። ከጥርሱ መሀል ነጭ ዱቄት ረገፈ። ሁለቱን እጀታ እንደ መቀስ ወደ አንድ ሲያቀራርቧቸው መጋጠሚያው እሺ አለ። ግድግዳው ውስጥ ያለው መስመር ንቅንቅ አላለም፤ አንደኛው መፍቻ የሚፈታውን ሲያዞር ሌላኛው የማይፈታውን ስለያዘው ኃይሉ ሁሉ እዚያችው መጋጠሚያ ላይ አለቀ። «ቧንቧ በአንድ እጅ አይፈታም አቦ» አሉት ልጁን።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ይህን ጭቅጭቅ ታውቁታላችሁ። «ጥሩ ባለሙያ በማንኛውም ዕቃ ይሠራል» ከሚሉት ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። በማንኛውም ዕቃ የሚሠራ ባለሙያ አላየሁም። ያየሁት ትክክለኛው ዕቃ ስለሌለው የሰው ቤት የሚያፈርስ ጎበዝ ልጅ ነው። ይህን አባባል የሚደጋግሙት ደግሞ ብዙውን ጊዜ አሠሪዎች ናቸው፤ ዋጋ ለመቀነስ ይመቻቸዋል።

ለማንኛውም ወደ መፍቻው እንመለስ። ጥርስ ያለውና መንጋጋው የሚወዛወዘው የቧንቧ መፍቻ አሜሪካዊው ዳንኤል ስቲልሰን እ.ኤ.አ. በ1869 የፈጠራ መብት ያገኘበት ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 ስለሆነ መሣሪያው ከከተማችን 33 ዓመት ይበልጣል። እስከ ዛሬ ቅርጹ ብዙም አልተለወጠም፣ መለወጥም አላስፈለገውም። መንጋጋው ትንሽ ስለሚላወስ እጀታውን በሳብከው መጠን አብዝቶ ይነክሳል። የሚነክሰው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ቧንቧውን መንጋጋው ውስጥ እስከ ጀርባው ድረስ ሰንቅረህ ከያዝከው ደግሞ ያንሸራትታል፤ ከኋላ ጥቂት ክፍተት መተው አለበት። አዛውንቱ ለልጁ ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ በፈተናው ማንም አልጠየቀውም።

ለቤት ሥራ አንድ ባለ 10 እና አንድ ባለ 14 ኢንች ይበቃል። ግማሽ ኢንችና ሦስት አራተኛ ኢንች ቧንቧ ከዚያ በላይ አይጠይቅም። ስትገዙ ቀለሙን አትዩ። መንጋጋውን እስከ መጨረሻው ክፈቱትና ዝጉት፤ ማስተካከያ ቀለበቱ በአውራ ጣት ያለ ትግል መዞር አለበት። የጥርሱን ጫፍ በጥፍራችሁ ፈትሹት፤ ገና ሱቅ ሳለ የደነዘዘ ጥርስ ሥራ ላይ አይሳልም። ታይዋን ገበያም ሆነ አሸዋ ገበያ ብትሄዱ ጥሩውም መጥፎውም ጎን ለጎን ተሰቅሏል፤ ለሁለት ርካሽ የሚወጣው ብር የሚበቃው ለአንድ ደህና ብቻ ነው ብሎ የሚከራከር ካለ ግን መልሴ አጭር ነው፦ አንድ ደህናውን ግዛ፣ ሁለተኛውን እስክትገዛ ከጓደኛህ ተዋስ። ለክሮም ቧንቧ ደግሞ ይህን መፍቻ እንዳታቀርቡ፤ ጥርሱ ይቧጭረዋል። እንግሊዝ ቁልፍ ቦታው እዚያ ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣው ድሬዳዋ ስለሆንን ነው። ያ ከመጋጠሚያው የረገፈ ነጭ ዱቄት ከየት መጣ? ከምንጠጣው ውኃ። የሳቢያን ጉድጓዶች ውኃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣ ስለሆነ ካልሲየሙ ብዙ ነው፤ እያንዳንዷ የድሬ እናት ማንቆርቆሪያዋ ውስጥ የሚጋገረውን ታውቀዋለች። ውኃው ሲሞቅ ኖራው ይበልጥ ይወጣል። በግንቦት ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ የሚወርደው «ቀዝቃዛ» ውኃ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ቧንቧው ውስጥ ምን እየተለጠፈ እንደሆነ አስቡት። ኖራው ቧንቧውን ያጠባል፣ መጋጠሚያውን በጥርሱ በኩል ያጣብቃል፣ የቧንቧ ማጣሪያ ይደፍናል። ስለዚህ የሌላ ከተማ ቧንቧ ሠራተኛ በአንድ መፍቻ ሊያመልጥ ይችል ይሆናል። የድሬ ግን አይችልም። የእኛ ልጅ ከድሪል በፊት ሁለት መፍቻ፣ መዶሻ፣ የሽቦ ብሩሽና የዝገት ማላቀቂያ ዘይት መያዝ አለበት፤ የሥልጠናው የመሣሪያ ዝርዝርም ከከተማው ውኃ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

የኤሌክትሪክ መሣሪያ ጠላት አይደለሁም። የፒፒአር ማሽን ለአዲስ መስመር ግድ ነው። ግን ማሽኑን መግዛት ሌላ፣ ማወቅ ሌላ። ሙቀቱ 260 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ባለ 20 ሚሊ ቧንቧ 5 ሰከንድ፣ ባለ 25ቱ 7 ሰከንድ፣ ባለ 32ቱ 8 ሰከንድ ይሞቃል፤ ከዚያ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይገፋል። «እንዲጠብቅልኝ» ብሎ አብዝቶ ያሞቀ ሰው ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ አብጦ ቀዳዳውን ያጠብበታል። ኖራ ባለበት ከተማ ከመጀመሪያው የጠበበ ቧንቧ ምን ያህል እንደሚቆይ እናንተው ገምቱ። ቧንቧውንም በመጋዝ ሳይሆን በፒፒአር መቀስ ቁረጡ፤ የመጋዙ ፍቅፋቂ ውስጥ ይቀርና ሄዶ ማጣሪያው ላይ ይከማቻል። መቀሱ መብራት አይፈልግም። ግራይንደር በበኩሉ መከላከያው ወልቆ፣ ያለ መነጽር፣ ወለሉ ውኃ ባቆረበት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲያጓራ ሳይ እፈራለሁ። ለዚያች ለምትንጠባጠብ ቧንቧ ምን ያደርግላት ኖሯል?

ልጁን ለምን ግራይንደር አስቀደምክ ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ማሽን ካልያዝኩ አሠሪው ባለሙያ ነው ብሎ አያምነኝም፤ ብሩንም ይቀንስብኛል» አለኝ። ይህ መልስ ከግድግዳው በላይ አበሳጨኝ፤ ምክንያቱም እውነቱን ነው። እኛ ነን እንዲህ ያደረግነው። ከውጭ ለመጣ ቧንቧ ያለ ክርክር የምንከፍል ሰዎች ለሚገጥመው እጅ ሲሆን መቶ ብር ለመቀነስ ግማሽ ቀን እንከራከራለን። ልጁ በዚያ ገንዘብ መሣሪያ ሊገዛ አይችልም፤ ከገዛም ሰው የሚያይለትን፣ ድምፅ ያለውን ይገዛል።

እንደ እሱ ያሉ ልጆች ተመርቀው ሲወጡ ወረቀት እንጂ ቦርሳ አይሰጣቸውም። በማኅበር ሲደራጁ ብድሩ በገንዘብ ይመጣል፣ ገንዘቡ ለቤት ኪራይና ለበዓል ይውላል፤ ሰው ናቸውና አልፈርድባቸውም። ብድሩ በመሣሪያ ይሁን ባይ ነኝ። «ይሸጡታል» የሚሉኝ አሉ። ገንዘቡን ማጥፋት ከመሸጥ በምን ይከብዳል? ሁለት መፍቻ፣ የፒፒአር መቀስ፣ ሰጌቶ፣ ከሲንክ ሥር የሚገባ ረጅም አንገት ያለው መፍቻ፣ የፍሳሽ መክፈቻ ስፕሪንግ፣ ቴፍሎንና ቃጫ በአንድ የሸራ ቦርሳ ይሰጣቸውና እየሠሩ ይክፈሉ።

አንድ ዕቃ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ መግዛት አያስፈልግም፤ ለአንድ ማኅበር አንድ ይበቃል። በእጅ የሚሠራ የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ነው፤ ሣጥን፣ እጀታና የግፊት መለኪያ ሰዓት ያለው። አዲስ መስመር ሲዘረጋ ውኃ ሞልቶ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ መስመሩ በዘወትር ከሚሸከመው ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ድረስ እየገፉ ሰዓቱ ይወርድ እንደሆነ ይታያል። ከወረደ የሆነ ቦታ ይፈሳል፤ ግድግዳው ገና ክፍት ስለሆነ በቀላሉ ይጠገናል። በከተማችን ስንት ቤት ነው ይህ ሳይደረግለት ሴራሚክ የሚለጠፍበት? እኔ ሲሞከር ያየሁት በትልልቅ ሕንፃዎች ብቻ ነው። ፓምፑ ያለውና የሚያከራይ ማኅበር ካለ ለዝግጅት ክፍላችን ይደውል፤ አድራሻውን በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ዓምድ አወጣለታለሁ።