የቆየ ቤት ደጃፍ አይቆረጥም



ቤት አፍርሶ ቤት የሚሠራ ሰው ሥራው በግልጽ ስለሚታይ የሚቃወመውም የሚደግፈውም ወገን ፈጥኖ ይነሣል። ደጃፍ ብቻ የሚያሰፋ ሰው ግን ከልካይ የለውም፤ «በር አሰፋ እንጂ ምን አፈረሰ?» ይባልለታል። እኛ ግን ይህ ነገር ቀላል እንዳይደለ፥ የቆየ ቤት ደጃፍ በተቆረጠ ጊዜም ከግንቡ ይልቅ የሚጐዳው በዚያ ደጃፍ ሲገባና ሲወጣ የኖረው ሕዝብ እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ እንወዳለን።

ነገሩን ከድሬዳዋ እንጀምረው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሜዳ ደረሰ። አስቀድሞ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ተራራው ስላስቸገረ በግርጌው አለፈ፥ በ1909 ዓ.ም.ም አዲስ አበባ ገባ። ድሬዳዋም በጣቢያው ምክንያት አደገች፤ በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ትባል ነበር። የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ ጐዳናዎች የባቡር ኩባንያው ሥራ ናቸው። እንግዲህ ሌላው ከተማ ቤተ መንግሥቱን ወይም ቤተ ክርስቲያኑን ተከትሎ እንደ ተሠራ፥ ድሬዳዋ የጣቢያውን ደጅ ተከትላ ተሠራች ብንል ከእውነት አንርቅም።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር መንገድ ግን ጣቢያውን ከከተማው ውጭ አደረገ። ስለዚህ «መንገደኛው በሌላ በር ከሄደ የዚህ የአሮጌው ጣቢያ በር ለምን ይጠበቃል? ሰፋ አድርገን ለሱቅና ለመኪና እናውለው» የሚል ሰው ቢነሣ አያስደንቅም። እኛም ሳይነሣ አስቀድመን እንመልስለታለን። ሰው ስለማይገባበት ዋጋው የቀረ የሚመስለው በር የከተማው የልደት ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ ሥራ ፈታ ተብሎ ምላሱ አይቆረጥም።

አሁን ከከተማው ወጣ ብለን ዋሂልን እናስብ። ዋሂል በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ትቈጠራለች። ከእንደዚህ ያለ አገር ማሽላዋን ወይም ሌላ ሸቀጧን ይዛ ወደ ቀፊራ ገበያ የምትመጣ አንዲት እናት፥ የጐዳና ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ ባታነብ የምትይዘው ምልክት ምንድር ነው? የገበያው ቅስት በር ነው። ልጇን «ብንጠፋፋ ከቅስቱ ሥር ጠብቀኝ» የምትለው፥ ከባለ ዕዳዋ ጋር የምትቀጣጠረው፥ አህያዋን ለማን አደራ እንደ ሰጠች የምታስበው በዚያ ምልክት ነው። ፊደል ላልቈጠረ ሰው በሩ ራሱ ጽሑፍ ነው። እኛ የተማርን የከተማ ሰዎች በመሐንዲስ ወረቀት ላይ አንዲት መሥመር ሠርዘን ሌላ መሥመር ስንጽፍ የእርሷን መጽሐፍ እንደምንፍቅ ልብ አንልም። ስለ በሩ ለመምከር በተጠራው ስብሰባ ላይም የዋሂል ሰው ወንበር የለውም። ስለ ታሪክ ጥበቃ የሚጽፉ ሰዎች ነገሩን ሁሉ የሊቃውንትና የእንግዳ ጐብኚ ጉዳይ አድርገውታል፤ የእኛ ክርክር ግን ከዚህ ይነሣል።

ደጃፍ ይቆረጥ የሚሉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ሦስት ነው፤ እያንዳንዱን እንመርምር።

ፊተኛው ምክንያት «በሩ ጠበበ፤ ሰውም በዛ፥ መኪናም መጣ» የሚል ነው። ለዚህ የጎረቤታችን የሐረር ጁገል መልስ ይሰጣል። ጥንታዊው ግንብ አምስት በሮች አሉት፤ በአማርኛ ሸዋ በር፥ ቡዳ በር፥ ሰንጋ በር፥ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። እያንዳንዱ በር ወደ አንድ ዋና መንገድ የሚያወጣ ሲሆን የከተማውም ሰፈሮች ቀድሞ በእነርሱ ይከፈሉ ነበር። በኋላ ዘመን ለተሽከርካሪ የሚመች መግቢያ ባስፈለገ ጊዜ ስድስተኛ በር ተጨመረ፤ አምስቱም ስማቸውን እንደ ያዙ ቀሩ። ግንቡ ከቶ አልተነካም አንልም፤ አዲስ በር ሲከፈት ግንብ ይቆረጣል። ነገር ግን ከአምስቱ ምስክሮች የአንዱን አፍ ከመዝጋት ስድስተኛ መጨመር የተሻለ ነበር። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጻፍ እነዚህ አምስት በሮች ከነምክንያታቸው ተጠቅሰዋል። በጎንደርም የፋሲል ግቢ አሥራ ሁለት በሮች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ ጃንተከል በር፥ እንቢልታ በር፥ ቋሊ በር እየተባሉ። ማን በየት ይገባ እንደ ነበረ የሚያስረዳን የበሩ ስም ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰፊ መግቢያ ቢሆኑ ኖሮ የግቢው ሥርዐት በምን ይታወቅ ነበር?

ጠበበ የሚባለውም በር ብዙ ጊዜ ጠባብ አይደለም። የቆዩ ሕንፃዎች በር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መዝጊያ አለው፤ ዘበኛው አንዱን ብቻ ከፍቶ ሌላውን በመቀርቀሪያ ይይዘዋል፤ ከዚያም «በሩ አላስገባ አለን» ተብሎ ለመሥሪያ ቤቱ ይጻፋል። መዶሻ ከመጠራቱ በፊት መቀርቀሪያው ይነሣ።

ሁለተኛው ምክንያት የውበትና የዘመናዊነት ምክንያት ነው። ደጃፉ ከግራና ከቀኝ ይቆረጥና መስተዋትና አሉሚኒየም ይገባበታል፤ ፊቱም በሲሚንቶ ይለሰናል። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ቤቱ እንዴት እንደ ቆመ አይጠይቁም። የኦሪት አንባቢ የሆነ ሁሉ መቃንና ጉበን በቤት ላይ ምን ክብር እንዳላቸው ያውቃል፤ ግንበኛው ደግሞ ምን ሸክም እንዳለባቸው ያውቃል። ከበሩ በላይ ያለውን ግድግዳ የሚሸከመው ጉበኑ ነው፤ በሩ በሰፋ ቍጥር ጉበኑ መርዘምና መወፈር አለበት። በሩ ቅስት እንደ ሆነ ደግሞ ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ክብደታቸውንም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ግድግዳ ይገፋሉ። ከመቃኑ አንዱን ጐን የቆረጠ ሰው ያን ግፊት የሚቀበለውን ክንድ ቆረጠ። ስንጥቁ በዚያው ዓመት ላይታይ ይችላል፤ በሚቀጥሉት ክረምቶች ግን ይታያል። በኖራ ወይም በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳም በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ በውስጡም ተቀምጦ ግንቡን ይበላዋል። ስለ መስተዋቱማ ምን እንላለን? ድሬዳዋ ቆላ ናት። የቀደሙት ሰዎች ወፍራም ግድግዳና ጥላ ያለው በረንዳ የሠሩት ሌላ ጥበብ ስላጡ አይደለም፤ ፀሐዩን ስለሚያውቁት ነው። በፀሐይ አንጻር ሰፊ መስተዋት ተክሎ ማቀዝቀዣ ማሽን መግዛት በገዛ ገንዘብ ምድጃ አንድዶ ውሃ እንደ መርጨት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይከብዳል፤ ስለዚህ በጥንቃቄ እንመልሰዋለን። «አካል ጉዳተኛው፥ ሽማግሌው፥ ሕፃን ያዘለችው እናት በደረጃና በከፍተኛ መድረክ ላይ እንዴት ይግቡ?» ይባላል። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞአል፤ አገራችንም በ2002 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቀብላለች። ከድንጋይ ሰው ይበልጣል፤ ይህን የሚክድ ሰው ከእኛ ወገን አይደለም። ነገር ግን ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ሁሉ ስለ አካል ጉዳተኛው አዝነው እንዳልሆነ በሥራቸው ይታወቃል፤ በእርሱ ስም በሩን ያስፈርሱና መኪናቸውን ያስገቡበታል፥ ደረጃው ግን እንደ ነበረ ይቀራል!

መፍትሔው ግንብ ከመቁረጥ የቀለለ ነው። ደረጃው ሳይነካ በላዩ ወይም በጐኑ ከእንጨት ወይም ከብረት የተሠራ፥ ሲፈለግ የሚነሣ ተዳፋት መተላለፊያ ይደረጋል። በብዙ አገር የተለመደው ልክ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው፤ ስለዚህ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ለሚሆን መድረክ ሦስት ሜትር ከስድሳ ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ለተሽከርካሪ ወንበርም ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክፍት ቦታ ካለ በሩ ያስገባል። ይህ ሁሉ ተሞክሮ በእውነት ካልተቻለ፥ ከፊተኛው ደጅ ይልቅ በኋላ ዘመን በተጨመረው ግድግዳ በኩል ሌላ በር ይከፈት፤ ነገር ግን ያ በር የሁሉ በር ይሁን። ጤነኛውን በቅስቱ አስገብቶ አካል ጉዳተኛውን በጓሮ፥ በቆሻሻ መጣያው በኩል ማዞር ቅርስ ጥበቃ ሳይሆን ሰውን መናቅ ነው።

ይህን ስንል ነቀፋው ወደ ራሳችንም እንደሚመለስ እናውቃለን። የቤተ ክርስቲያናችን ሦስት በሮች ያለ ምክንያት ሦስት እንዳልሆኑ፥ ካህናቱም ወንዶቹም ሴቶቹም በየበራቸው እንደሚገቡ ለካህናት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የጥንቱ የወይራ ወይም የዝግባ መዝጊያ ተነቅሎ በቆርቆሮ በር በተተካበት ስፍራ ሁሉ ግን ጠያቂ አልነበረም። በላሊበላ የቤተ ጊዮርጊስን መግቢያ ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል፤ ከአለት የተፈለፈለውን ቦይ ተከትሎ ወርዶ ነውና ወደ ደጁ የሚደርሰው። ከአለት የተቆረጠ ተመልሶ እንደማይቀጠል ሁሉ፥ የተጠረበ ድንጋይ ግንብም አንድ ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ የሚጠገነው በምሳሌው እንጂ በራሱ አይደለም።

ሕግ የለም እንዳይባል፥ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 በ1992 ዓ.ም. ወጥቶአል፤ በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራም አስቀድሞ በባለሥልጣኑ እንዲፈቀድ ደንግጎአል። በ1956 ዓ.ም. በቬኒስ የተሰበሰቡት ባለሙያዎችም የቆየ ሕንፃ ለሕዝብ ጥቅም መዋሉ የሚወደድ እንደ ሆነ፥ ስለ ጥቅሙ ተብሎ ግን አሠራሩና ጌጡ እንዳይለወጥ፥ የሚደረገውም ሥራ ሁሉ በጽሑፍና በሥዕል እንዲመዘገብ ተስማምተዋል። የጐደለው ሕግ ሳይሆን ፈቃድን ከመዶሻ የማስቀደም ልማድ ነው። የእኛ አገር ሰው የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላል፤ ግንብ ግን ከፈሰሰ በኋላ አይለቀምም።

ስለዚህ የማዘጋጃ ቤት ሹማምንትን፥ መሐንዲሶችንና የቤት ባለቤቶችን የምንጠይቀው ይህን ነው። በሩ ከመነካቱ በፊት ይለካ፥ ይሣል፥ ፎቶግራፍ ይነሣ። መዝጊያዎቹ ሁሉ ተከፍተው በእርግጥ ጠባብ መሆኑ ይረጋገጥ። ሌላ በር ካለ ይፈለግ። የሚጨመረው ነገር ነገ ቢነሣ ቤቱን እንደ ነበረ የሚተው ይሁን። ፈቃዱ በጽሑፍ ይጠየቅ፥ መልሱም በጽሑፍ ይሰጥ። ከሁሉም በፊት ግን በዚያ በር የሚገባና የሚወጣው ሕዝብ፥ ከዋሂልም ይምጣ ከመጋላ፥ በቋንቋው ይጠየቅ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ ብዙ ቆየት ያሉ ቤቶች በጥቂት ሳምንት ፈርሰዋል፤ ከፈረሰ በኋላ የተጻፈው ኀዘን ሁሉ አንድ ድንጋይ አልመለሰም።

በሩን ያሠራው ሰው ሞቶአል፥ የጠረበውም ግንበኛ ስሙ ጠፍቶአል፤ የቀረልን ሥራቸው ነው። ለመቁረጥ የሚፈልግ ሰው ለምን እንደሚቆርጥ ያስረዳ፤ የማስረዳት ዕዳ ያለበት እርሱ ነው፤ የቆመው በር ግን ለምን እንደ ቆመ መልስ እንዲሰጥ አይገደድም።