በፈረንሳይኛ «ኖሮ»ን ስለ መናገር

ባለፈው ዓመት በክፍላችን አንዲት ጓደኛችን ተነሥታ «ባጠና ኖሮ አልፍ ነበር» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በፈረንሳይኛ እንድትናገር ተጠየቀች። እርስዋም ጥቂት ካሰበች በኋላ «ሲ ዦሬ ኤትዩዲዬ፥ ዦሬ ሬዩሲ» ብላ መለሰች። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከሁሉ አስቀድሞ የሳቀውም ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ልጅ በፈረንሳይኛ ሰዓት እጅዋን አላወጣችም። ቀድሞ ከኋላ ወንበር ድምፅዋ የሚሰማ ልጅ ስትጠየቅ እንኳ «አላውቅም» ማለትን መረጠች።

ትክክለኛው አነጋገር «ሲ ዣቬ ኤትዩዲዬ፥ ዦሬ ሬዩሲ» ነው። እንግዲህ የጓደኛችን ጥፋት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «ዣቬ» ማለት ሲገባት «ዦሬ» አለች። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ በቃል ፈተና ላይ እኔው ራሴ ያንኑ ስሕተት አንድም ሳይቀር ደገምሁት። ፈታኙ ዝም ብለው ምልክት አደረጉ እንጂ አልሳቁም። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሁሉ «እኔና እርስዋ በአንድ ቦታ የወደቅነው ስለ ምንድር ነው?» እያልሁ አሰብሁ። ያገኘሁትንም መልስ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ለማካፈል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

በመጀመሪያ ስለ አመሠራረቱ ልናገር። ፈረንሳዮች «ኮንዲሲዮኔል ፓሴ» የሚሉት የግሥ ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው «አቯር» ወይም «ኤትር» የተባለው ረዳት ግሥ ነው፤ እርሱም «ዦሬ» ወይም «ዠ ስሬ» ተብሎ ይነገራል። ሁለተኛው የዋናው ግሥ «ፓርቲሲፕ ፓሴ» ነው። የሚበዙት ግሦች ከ«አቯር» ጋር ይሄዳሉ። እንደ መሄድ፣ መምጣት፣ መነሣት፣ መወለድና መሞት ያሉት ጥቂቶች፣ እንዲሁም ድርጊቱ ወደ አድራጊው የሚመለስባቸው ግሦች ሁሉ፣ ከ«ኤትር» ጋር ይሄዳሉ። ስለዚህ «እመጣ ነበር» ለማለት «ዠ ስሬ ቨንዩ» እንላለን። ይህን የምትጽፈው ሴት ከሆነች በመጨረሻው ቃል ላይ አንዲት ፊደል ትጨምራለች፤ ፊደሊቱ ግን በንግግር አትሰማም።

ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ሰንጠረዥ ውስጥ አለ፤ እኛም በቃላችን ይዘነዋል። ዳሩ ግን ሰንጠረዡን በቃሉ የያዘ ሁሉ ዐረፍተ ነገሩን ይናገራል ማለት አይደለም። ችግሩ ያለው «ሲ» በምትባለው ትንሽ ቃል ዙሪያ ነው።

እስቲ የራሳችንን ቋንቋ እንመልከት። «ባጠና ኖሮ አልፍ ነበር» ስንል በሁለቱም ወገን የምናስቀምጠው ገና ያልተፈጸመውን የግሥ መልክ፣ ማለት ሊቃውንት ትንቢት የሚሉትን ነው። «ባጠና» የሚለውን «ኖሮ» ትከተለዋለች፤ «አልፍ» የሚለውን «ነበር» ይከተለዋል። ሁለቱ ወገኖች እንደ ሚዛን ጣባ ትክክል ናቸው። ከዚህ ቋንቋ የተወለደ ልጅ ወደ ፈረንሳይኛ ሲሻገር ሚዛኑን ይዞ ይሻገራል፤ በአንዱ ወገን «ዦሬ» ካለ በሌላውም ወገን «ዦሬ» ማለት ይወዳል። ፈረንሳይኛ ግን ሚዛን አያውቅም። «ሲ» ባለበት ወገን ፕሊውስከፓርፌ የተባለውን ያለፈ ጊዜ፣ በሌላው ወገን ኮንዲሲዮኔል ፓሴን ይፈልጋል። እንግዲህ የጓደኛችን ስሕተት የስንፍና ሳይሆን የአማርኛ ሚዛን ነበር። ደግሞም በፓሪስ የተወለዱ ሕፃናት እንኳ በዚሁ ይሳሳታሉ። ስለዚህ የዚያ አገር መምህራን «ሲ ሬን አይወድም» የሚል የጨዋታ አባባል ያስተምሯቸዋል።

ከዚህ የሚበልጥ ያስደነቀኝ ነገር ደግሞ አለ። «ኦሬ» የሚለውን ቃል ስንከፍተው «ኦር» የሚለው ግንድ ከሚመጣው ጊዜ የተወሰደ ሆኖ፣ በመጨረሻው ያለው «ኤ» ግን ያለፈ ጊዜ ቅጥያ ነው። የእኛም «አልፍ ነበር» በትንቢት ጀምሮ በኃላፊ ይጨርሳል። ሊሆን ይችል የነበረውንና ሳይሆን የቀረውን ነገር ለመናገር ሁለት የማይዛመዱ ሕዝቦች የሚመጣውንና ያለፈውን በአንድ ላይ አሰሩ። ይህ ሲገባኝ ሰንጠረዡ ከሸክምነት ወደ ወዳጅነት ተለወጠብኝ።

አጠቃቀሙም ቢሆን አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ እንዳልነው፣ ሳይፈጸም የቀረውን ነገር ይናገራል። ሁለተኛ ጸጸትንና ወቀሳን ይገልጣል። «ዦሬ ድዩ» ማለት «ማድረግ ነበረብኝ» ነው፤ «ትዩ ኦሬ ፕዩ» ማለት «ትችል ነበር እኮ» ነው። ሦስተኛ፣ ትሕትናን ያሳያል፤ ገበያ ገብቶ «ዦሬ ቩልዩ» የሚል ሰው «ፈልጌ ነበር» እንደሚል የእኛ ጨዋ ሰው ነው። አራተኛው አጠቃቀም ግን ያልተጠነቀቀውን አንባቢ ያሳስታል። የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያላረጋገጠውን ወሬ የሚጽፈው በዚሁ ጊዜ ነው። «ለ ሚኒስትር ኦሬ ዴሚሲዮኔ» ብሎ ሲጽፍ «ሚኒስትሩ ሥራቸውን ለቀዋል ይባላል» ማለቱ ነው። ሰንጠረዡን ብቻ የተማረ ተማሪ ግን «ይለቁ ነበር፤ ነገር ግን አልለቀቁም» ብሎ ይተረጕመዋል። አንዲት ሰዋስው ሳትገባው ብትቀር ወሬውን ገልብጦ ለጎረቤቱ ያወራል ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ይል ይሆናል። ፈረንሳይኛ ለአገራችን ባዕድ እንግዳ አይደለም። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር ቋንቋውን አብሮ አምጥቶ ነበርና፣ በየቀኑ ታክሲ የምንሳፈርበትን ሰፈር ለገሃር የምንለው ፈረንሳዮች ባቡር ጣቢያን በሚጠሩበት ስም ነው። የጎረቤታችን የጅቡቲ መንግሥት ፈረንሳይኛን ከዐረብኛ ጋር የሥራ ቋንቋው አድርጎታል። በመዲናችን የሚሰበሰበው የአፍሪካ ኅብረትም ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ፈረንሳይኛ ነው። ስለዚህ በደጃችን የሚነገረውን ቋንቋ አጣርቶ መስማት ትርፍ እንጂ ጌጥ ብቻ አይደለም።

በበኩሌ የማቀርበው አሳብ ሦስት ነው። መጀመሪያ፣ ይህ የግሥ ጊዜ በሚጀመርበት ቀን ለዐሥር ደቂቃ ያህል የአማርኛችን «ኖሮ» በሰሌዳው ላይ ትጻፍ፤ ከፈረንሳይኛው ጋር የምትገጥምበትና የምትለይበት ቦታ ይታይ። «በፈረንሳይኛ ክፍል አማርኛ ከገባ ተማሪው በፈረንሳይኛ ማሰብን አይለምድም» የሚሉ አሉ። ነገራቸው ከንቱ አይደለም። ሰዓቱ ሁሉ በትርጕም ካለቀ ልምምድ ይቀራል። ነገር ግን አማርኛውን ከደጅ ብናስቀምጠውም በተማሪው ልብ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ ሥራውንም በስውር ይሠራል። በሰሌዳ ላይ የታየ ጠላት ከተሸሸገው ይሻላል፤ ጠላት መስሎን የነበረውም ረዳት ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ የልምምዱ ዐረፍተ ነገር ከሕይወታችን ይወሰድ። ስለማናውቀው አጎት አትክልት ቦታ ዐሥር ዐረፍተ ነገር ከመጻፍ፣ እያንዳንዳችን በእውነት ስለተጸጸትንበት ነገር ሦስት ብንጽፍ አንረሳውም። ሦስተኛውና ዋናው፣ በተሳሳተ ሰው ላይ መሳቅ ይቅር። ቋንቋ በአፍ የሚለመድ ነገር ነው፤ አፉን የዘጋ ተማሪ ደግሞ ከእንግዲህ አይሳሳትም፤ አይማርምም።

በእርግጥ «ኖሮ»ን ማብዛት አይጠቅምም። እኛ «አክስቴ ጢም ቢኖራት ኖሮ አጎቴ ትሆን ነበር» ብለን እንቀልዳለን፤ ፈረንሳዮችም «በ‹ሲ› ብዛት ፓሪስን ጠርሙስ ውስጥ መክተት ይቻላል» ይላሉ። ሥራ ሳይሠሩ መጸጸት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ስለዚህ እኔም ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት አንድ ዕዳ ነበረብኝና እርሱን ለመክፈል ሄድሁ።

ያቺን ጓደኛዬን በመማሪያ ክፍሉ በር ላይ አግኝቼ «ዠ ኖሬ ፓ ድዩ ሪር» አልኋት፤ ይኸውም «መሳቅ አልነበረብኝም» ማለት ነው። እርስዋም ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬት ስታይ ቆይታ «ሰዋስውህ ልክ ነው። ግን ያን ዕለት ብትለኝ ኖሮ ይሻል ነበር» አለችኝ። ይህን ያለችው በአማርኛ ነው። እኔም መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ደብተርዋን አውጥታ ስለ «ኤትር» ግሦች ያልገባትን ጠየቀችኝ፤ እኔም ያልገባኝን ጠየቅኋት። እስከ ደወሉ ድረስ አብረን ተቀመጥን። በማግስቱ በፈረንሳይኛ ሰዓት ከኋላ ወንበር አንዲት እጅ ወጣች።